ፓትሮክሎስን ሳይጠሩ የፓትሮክሎስን ሞት መጻፍ

ጥያቄው ከቀረበ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ እስካሁን የተሰጡት መልሶች አጫጭር ስለሆኑ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ጠያቂያችን ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ በኋለኛው ዘመን የነበሩ የግሪክ ገጣሚዎች አንድ ፊደል ጨርሶ ሳይጠቀሙ ረጃጅም የጀግንነት ግጥሞችን ጻፉ የሚባለው እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ ጊዜ ማባከን አይደለምን? በአማርኛስ ይሞከራልን?

እውነት ነው። ዋናው ምስክር በ10ኛው መቶ ዘመን በቢዛንታይን የተጠናቀረው ሱዳ የተባለው ትልቅ መዝገበ ዕውቀት ነው። እዚያ ላይ ኔስቶር ስለሚባል ገጣሚ ተጽፏል። ሰውየው የላራንዳ ተወላጅ ነው፤ ላራንዳ ዛሬ በቱርክ ካራማን የምትባለው ከተማ ናት። የኖረው በሮማው ንጉሠ ነገሥት በሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ ነው። ይህ ሰው ስለ ትሮይ ጦርነት የሚተርከውን ጥንታዊውን የግሪክ ግጥም፣ ኢሊያድን፣ እንደገና ጻፈው። የሆሜር ኢሊያድ 24 መጻሕፍት አሉት፤ የግሪክ ፊደልም 24 ነው፤ መጻሕፍቱም የሚጠሩት በፊደላቱ ስም ነው። ኔስቶር በመጀመሪያው፣ ማለትም በአልፋ መጽሐፍ ውስጥ አንድም አልፋ አላስገባም። በሁለተኛው ቤታን ተወ። እንዲህ እያለ እስከ ኦሜጋ ወረደ።

ሁለተኛው ሰው ትሪፊዮዶሮስ ነው። ግብፃዊ ነው ይላል ሱዳ። ስሙ ትሪፊስ ከተባለች የግብፅ ጣዖት የመጣ ሲሆን «የትሪፊስ ስጦታ» እንደማለት ነው፤ አምልኮዋ የጸናው በላይኛው ግብፅ፣ ዛሬ አክሚም በምትባለው በፓኖፖሊስ አካባቢ ስለነበር የዚያ አገር ሰው እንደሆነ ይገመታል። ለእኛ አንባቢዎች አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፦ በስንክሳር የምናውቀው አባ ሲኖዳ ገዳሙ ያለው እዚያው፣ ከትሪፊስ ቤተ መቅደስ አጠገብ ነው። ገጣሚው ስሙን ያገኘባትን ጣዖት አምልኮ አባ ሲኖዳ አጥብቆ ተዋግቷል። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ሩቅ የመሰለኝ የግሪክ ሥነ ጽሑፍ ድንገት የጎረቤት ወሬ ሆነብኝ።

ትሪፊዮዶሮስ ኦዲሲን፣ ኦዲሴዎስ ከትሮይ ወደ አገሩ ሲመለስ የደረሰበትን የሚተርከውን የሆሜር ግጥም፣ በዚሁ ዘዴ ጻፈ። ሱዳ ሥራውን ከኔስቶር ኢሊያድ ጋር ያመሳስለዋል፤ በ12ኛው መቶ ዘመን የተሰሎንቄ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ኤውስታቲዮስ ግን ሲግማ የተባለውን ፊደል ብቻ ከዳር እስከ ዳር እንዳስወጣ ይናገራል። የሁለቱም ገጣሚዎች ባለ ጎዶሎ ፊደል ሥራዎች ጠፍተዋል። የቀረን የትሪፊዮዶሮስ ሌላ ግጥም፣ ስለ ትሮይ መያዝ የሚተርከው 691 ስንኝ ነው፤ በዚህኛው ምንም ፊደል አልተከለከለም። ለረጅም ጊዜ ሊቃውንት ይህን ሰው በ5ኛው መቶ ዘመን የነበረው የፓኖፖሊሱ ገጣሚ የኖኖስ ተከታይ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ከጥንቷ የግብፅ ከተማ ከኦክሲሪንኮስ የወጣ የፓፒረስ ቁራጭ ሲታተም ግን ከኖኖስ ቀድሞ እንደኖረ ታወቀ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ጊዜ ማባከን ነው የሚለው ፍርድ የቆየ ነው፤ እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆሴፍ አዲሰን እ.ኤ.አ. በ1711 በትሪፊዮዶሮስ ላይ አፊዟል። እኔም ለዓመታት እንዲያ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ክረምት ነው። በትምህርት ቤት ቋንቋ አስተማሪ ነኝ፤ የጥንት ግሪክኛን የተማርኩት ብቻዬን፣ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ማታ ማታ ነው። በዚያ ክረምት 24 ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ አሰመርኩ። በእያንዳንዱ ረድፍ የመጽሐፉን ፊደል፣ በዚያ መጽሐፍ የሚፈጸመውን ታሪክና ፊደሉ የሚከለክላቸውን ቃላት መጻፍ ጀመርኩ። የጠፋውን ግጥም መመለስ አይቻልም፤ ደንቡ ግን በእጃችን ነው፤ ደንቡ ምን እንደሚያስገድድ ደግሞ ማንም ግሪክኛ የሚያነብ ሰው ሊያየው ይችላል።

በመጀመሪያው ረድፍ ደነገጥኩ። አልፋ ሲወጣ የግሪኮች ታላቅ ጀግና አኪሌስ አይጠራም፤ የጦር አዛዣቸው አጋሜምኖን አይጠራም፤ በአባቱ ስም «የአትሬዎስ ልጅ» ማለትም አይቻልም። ሆሜር ለግሪክ ሠራዊት ሦስት ስሞች አሉት፦ አካዮይ፣ አርጌዮይ፣ ዳናዎይ። ሦስቱም አልፋ አለባቸው። «እና» የሚል ፍቺ ያለው «ካይ» የሚለው፣ በቋንቋው ውስጥ በየመስመሩ የሚገኘው ትንሽ ቃል እንኳ ይወድቃል። አምላካቸው አፖሎን ይወድቃል፤ ሌላው ስሙ ፎይቦስ ግን ይተርፋል። አኪሌስም በአባቱ ስም «ፔሌይዴስ» ተብሎ ይገባል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ሆሜርን በቃሉ የያዘ፣ እያንዳንዱን ጀግና በስንት ስም እንደሚጠራ ጠንቅቆ ያወቀ መሆን አለበት።

16ኛው መጽሐፍ ጋ ስደርስ ብዕሬን አስቀመጥኩ። 16ኛው ፊደል ፒ ነው። 16ኛው መጽሐፍ የአኪሌስ የቅርብ ወዳጅ የሆነው ፓትሮክሎስ የአኪሌስን ጥሩር ለብሶ ወጥቶ የሚሞትበት ነው። ፓትሮክሎስ በፒ ይጀምራል። ስለዚህ ኔስቶር የሟቹን ስም ሳይጠራ ነው ሞቱን የተረከው። በአባቱ ስም «የሜኖይትዮስ ልጅ» ማለት ይችላል፤ ስሙን ግን አይችልም። በኢሊያድ ከሁሉ የሚያሳዝነው ሞት ስም አልባ ሞት ይሆናል።

18ኛው ፊደል ሲግማ ነው። በ18ኛው መጽሐፍ አንጥረኛው አምላክ ሄፋይስቶስ ለአኪሌስ ያን ዝነኛ ጋሻ ይሠራል። በግሪክኛ ለጋሻ የተለመዱት ሁለት ቃላት «ሳኮስ» እና «አስፒስ» ናቸው፤ ሁለቱም ሲግማ አለባቸው። ሄፋይስቶስም አለበት። ጋሻ ሳይሉ፣ የሠሪውንም ስም ሳይጠሩ፣ ሰማይና ምድር የተቀረጸበትን ጋሻ መግለጽ ማለት ነው! በ22ኛው፣ አኪሌስ የትሮይን ጀግና ሄክቶርን በሚገድልበት መጽሐፍ፣ የሚከለከለው ኺ ነው፤ ኺ ደግሞ በአኪሌስ ስም መካከል ይገኛል። ገዳዩ ስሙን ያጣል፤ ሟቹ ሄክቶር ግን በካፓ ስለሚጻፍ ስሙ ይጠራል። በ23ኛው የፓትሮክሎስ ነፍስ ለአኪሌስ በእንቅልፉ ትታየዋለች። 23ኛው ፊደል ፕሲ ነው፤ ነፍስ በግሪክኛ «ፕሲኬ» ነው። ነፍስ የምትመጣበት መጽሐፍ ውስጥ ነፍስ የሚለው ቃል ሊገባ አይችልም።

የመጨረሻውን ረድፍ ስሞላ ሌሊቱ ገፍቶ ነበር። 24ኛው መጽሐፍ የሄክቶር አስከሬን ለአባቱ የሚመለስበት ነው፤ የሚከለከለውም ኦሜጋ፣ ረጅሙ ኦ ነው። ሄክቶር የሚለው ስም የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲሆን በኦሜጋ ይጻፋል። ተሳቢ ሲሆን፣ «ሄክቶራ» ሲባል ግን በአጭሩ ኦ፣ በኦሚክሮን ነው። በዚህ መጽሐፍ ሄክቶር ሊጎተት፣ ሊታጠብ፣ ሊለቀስለት ይችላል፤ እርሱ ራሱ ግን በስሙ የአንድም ግሥ ባለቤት ሊሆን አይችልም። የሞተ ሰው እንዲህ አይደለምን? ኔስቶር ይህን አስቦበት ይሁን ሳያስብበት፣ ደንቡ ወደዚያ መርቶታል። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ይህን ጥበብ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

የሲግማ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ሲግማን ማስወጣት ከትሪፊዮዶሮስ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል፤ በ6ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው የሄርሚዮኔው ገጣሚ ላሶስ ለእህል አምላክ ለዲሜጥር ሲግማ የሌለው መዝሙር ጽፏል። ፊደሉ ሲደጋገም ለጆሮ ያፏጫል። በግሪክኛ ግን ሲግማን መተው ማለት አብዛኛውን ተባዕት ስም በባለቤትነት እንዳይቆም ማድረግ፣ የኃላፊና የመጪ ጊዜ ግሦችንም በብዛት ማጣት ነው። የሆሜርን ኦዲሲ የመጀመሪያ መስመር ይመልከቱ፦ «አንድራ ሞይ ኤኔፔ፣ ሙሳ»፤ «ስለዚያ ሰው ንገሪኝ፣ የቅኔ እመቤት ሆይ» ማለት ነው። ሦስቱ ቃላት በሰላም ያልፋሉ፤ አራተኛው፣ የተጠራችው እመቤት ራሷ፣ ሲግማ አለባት። ባለታሪኩ ኦዲሴዎስም በየትኛውም እርባታ ሲግማ አያጣም፤ በገዛ ግጥሙ ውስጥ ስም የለውም። ይህ ግን ለኦዲሴዎስ ባዕድ ነገር አይደለም፤ በአንድ ዓይናው ፖሊፌሞስ ዋሻ ውስጥ ስሙን «ኡቲስ»፣ ማለትም «ማንም» ብሎ የሰወረ እርሱ ነው። ያ ስም እንኳ በባለቤትነት ሲግማ አለበት፤ በተሳቢነት «ኡቲን» ሲሆን ግን ያልፋል።

ሲግማን ሳይነኩ መጻፍ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው በእጃችን ያለውን የትሮይ ግጥም መጀመሪያ ያንብብ፦ «ቴርማ ፖሊክሜቶዮ ሜታክሮኒዮን ፖሌሞዮ»፣ «ብዙ ድካም የፈጀው ጦርነት የዘገየ ፍጻሜ»። አንድም ሲግማ የለበትም። ታስቦበት ነው አልልም፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲግማ አለ። ነገር ግን «‑ኦዮ» የሚለው የጥንቱ የአገናዛቢ መድረሻ ምን ያህል እንደሚረዳ ያሳያል። በዚሁ ግጥም ውስጥ ያለውን የእንጨት ፈረስ አለመጥቀስ አልችልም፤ ዓይኖቹ በባሕር አረንጓዴ ቤሪልና በደም ቀይ አሜቴስጢኖስ የተሠሩ ናቸው። ይህን የጻፈ ሰው ቃላት መቁጠር ብቻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በአማርኛ ይሞከራል ወይ? ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ ከአንድ ወጥመድ ይጠንቀቁ፦ ሠን ወይም ፀን አስወጣሁ ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ በሰና በጸ ይተካሉና ድምፁ አይነካም። ግሪካዊው ሲግማን ሲተው ድምፁን ነው የተወው። ስለዚህ ድምፁን ብቻውን የያዘ ፊደል ይምረጡ፤ ሲያስወጡም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱንም ያስወጡ።

እኔ የመረጥኩት ለን ነው። ስለ እናቴ አንድ ገጽ ልጽፍ ነበር፤ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነበር። በጥቂት መስመር ውስጥ ያገኘሁትን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። «ይሄዳል»፣ «ትመጣለች»፣ «ሄዷል» ሁሉም ተከለከሉ፤ ሁሉም ል ወይም ለ አለባቸውና። «አይሄድም»፣ «አትመጣም» ግን ተፈቀዱ። ኃላፊው ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ «ሄደ»፣ «መጣች» ይቻላል፤ «አልሄደም»፣ «አልመጣችም» አይቻልም። ልብ ይበሉ፦ ለ የሌለው አማርኛ ዛሬ የሆነውን ለመካድ እንጂ ለማረጋገጥ አይመችም፤ ትናንት የሆነውን ደግሞ ማረጋገጥ እንጂ መካድ አይችልም። ከዛሬው የሚተርፉት «ነው»ና «እየሄደ ነው» ዓይነቶቹ ብቻ ናቸው። «አለ»ም «የለም»ም ሁለቱም ይጠፋሉ። የመጣልኝ ይህ ነው፦

«እናቴ ማታ ማታ ከምድጃው ዳር ተቀምጣ ተረት ትነግረን ነበር። እሳቱ ሲከስም ድምፅዋም አብሮት ይቀንስ ነበር። ታናሽ እኅቴ ተረቱ ሳያበቃ ትተኛ ነበር፤ እናቴም ጋቢዋን ከትከሻዋ አንስታ ታከናንባት ነበር። ዛሬ ያ ድምፅ ከቤታችን ውስጥ አይሰማም። ምድጃው ዳር ማንም አይቀመጥም።»

ሐዘኑን እኔ አላመጣሁትም፤ የቀሩልኝ ግሦች ናቸው ያመጡት። ዋጋም አስከፍሎኛል፤ እናቴ የምትለብሰው ነጠላ ነበር፤ ነጠላ ግን ላ አለበት።

ገጹን ለእኅቴ አነበብኩላት፤ ስለ ደንቡ አልነገርኳትም። ጋቢ የሚለው ላይ ቅንድቧን አነሳች፤ ዝም ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ከዚያ «ስሟን ለምን አልጠራኸውም?» አለችኝ። በእናታችን ስም ውስጥ ል አለ። ምክንያቱን ነገርኳት፤ የፓትሮክሎስንም ነገር ነገርኳት። የኔስቶር የመጀመሪያ መጽሐፍ በውስጡ አንድም አልፋ ሳይኖረው ራሱ መጠሪያው አልፋ መሆኑ የታሰበኝ ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱን መልሼ ተቀበልኳትና ስሟን ከጽሑፉ በላይ፣ በራስጌው፣ ርእስ አድርጌ ጻፍኩት።