«መቅረዝ» ወይስ «ሻማ»?

ጥያቄ፦ ለጀማሪዎች የፎሬክስ (የውጭ ምንዛሪ ግብይት) ትምህርት እሰጣለሁ። የዋጋን ውጣ ውረድ በሥዕል የሚያሳየውን ካንድልስቲክ ቻርት «የመቅረዝ ሠንጠረዥ» ብዬ ብተረጉመው ተማሪዎቼ ሳቁ። ተሳስቻለሁ እንዴ?

መልስ፦ በመዝገበ ቃላቱ ከሄዱ አልተሳሳቱም። ካንድልስቲክ መቅረዝ ነው። ግን እርስዎ የተረጎሙት የእንግሊዝኛውን ስም ነው። ባለቤቶቹ ጃፓኖች «ሮሶኩ አሺ» ይሉታል፤ ሮሶኩ ሻማ ነው፣ አሺ ደግሞ እግር። መቅረዝ የሚባል ነገር የለበትም።

ሥዕሉም ሻማ ነው የሚመስለው። አንዱ ሻማ የአንድ ቀን ነው እንበል፤ የቀኑ መክፈቻና መዝጊያ ዋጋ ወፍራሙን አካል ይሠራሉ። ዋጋው ጣሪያ የነካበትና ወለል የነካበት ደግሞ ከላይና ከታች በቀጭን መስመር ይወጣል። ይህን መስመር ጃፓኖቹ «ካጌ»፣ ጥላ ይሉታል። ብዙ የፈረንጅ ነጋዴ ግን ክር ነው የሚለው። እኔም ለክር አደላለሁ፤ ክር የሌለው ሻማ ምን ያደርጋል?

የፈጠረው በ18ኛው መቶ ዘመን የኖረው፣ በጃፓን የሳካታ ከተማው የሩዝ ነጋዴ ሆማ ሙኔሂሳ ነው ሲባል ይሰማሉ። ይህን እንደ ተረጋገጠ አያስተምሩ። ቻርቱን ለምዕራባውያን ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ስቲቭ ኒሰን ራሱ፣ የሻማው አሣሣል የተጀመረው ከሆማ በኋላ፣ በጃፓን የሜጂ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1868–1912) ሳይሆን አይቀርም ባይ ነው።

የኒሰን ታሪክ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1987 አንዲት ጃፓናዊት ደላላ ቢሮ ውስጥ ነበር። ሴትየዋ የቻርት መጽሐፏን እያየች ድንገት «መስኮት!» አለች። ምን ማለትሽ ነው አላት። መስኮት ያለችው፣ ዋጋው ዘሎ ሲሄድ በሁለት ሻማዎች መካከል የሚቀረውን ባዶ ቦታ ነው። ፈረንጆቹ ክፍተት ይሉታል። ኒሰን ከዚያ በኋላ ነገሩን ተያያዘው። በ1989 በአንድ የግብይት መጽሔት ላይ ጻፈ፤ በ1991 መጽሐፉን አወጣ። እርግጥ ከእሱ በፊትም ከጃፓንኛ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ መጽሐፍ ነበር፤ ገበያውን ያጥለቀለቀው ግን የኒሰን ነው።

«ሠንጠረዥ» የሚለውንም ይተዉት። ሠንጠረዥ ረድፍና ዓምድ ያለው ነው፤ ይህ ሥዕል ነው። «የሻማ ቻርት» ቢሉ ማንም ይገባዋል።

የሻማዎቹን ቅርጽ ስም ሲመልሱ ግን አማርኛው የራሱ ካለው አይለፉት። ዋጋ ወርዶ ወርዶ ሊያንሰራራ ሲል የሚታየውን የሦስት ሻማ ቅርጽ ጃፓኖቹ በንጋት ኮከብ ሰይመውታል። አንዳንዱ «የጠዋት ኮከብ» እያለ ያስተምራል። አጥቢያ ኮከብ እያለልን!