መልስ፦ ግሩፕ ውስጥ ገብቶም ሪሞት እምቢ ካለ

ሰላም ወንድሜ። የሒሳብ ሠራተኛችሁን አካውንት ዊንዶውስ ሰርቨራችሁ ላይ «ሪሞት ዴስክቶፕ ዩዘርስ» (ከርቀት ለሚገቡ ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ) ግሩፕ ውስጥ አስገብተኸው፣ ሰርቨሩ አሁንም «ለሪሞት ሎግኢን አልተፈቀደለትም» እያለ ይመልሰዋል ብለሃል። አድሚን ግን ያለ ችግር ይገባል። እንግዲህ ኔትወርኩና ፋየርዎሉ ደህና ናቸው፤ እነሱን መነካካት ተው።

ግሩፑ ብቻውን አይበቃም፤ መብት ሊሰጠው ይገባል። ሰርቨሩ ላይ ሴክፖል ዶት ኤምኤስሲን (secpol.msc፣ የዊንዶውስ የደኅንነት ደንቦች ማስተካከያ) ክፈት። «ሎካል ፖሊሲስ» ሥር ባለው «ዩዘር ራይትስ አሳይንመንት» ውስጥ «አላው ሎግ ኦን ስሩ ሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ» የሚለውን፣ ማለትም በሪሞት የመግባት ፈቃዱን፣ እይ። ግሩፑ ከሌለ ጨምረው። «ዲናይ» ብሎ የሚጀምረውን የክልከላ አቻውንም አትለፈው። ልጁ በሌላ ግሩፕ በኩል እንኳ እዚያ ካለ፣ ክልከላው ፈቃዱን ይሽረዋል። መጨመሪያው ደብዝዞ አልነካ ካለህ፣ ትእዛዙ የመጣው ከዶሜይኑ (የድርጅቱ ማሽኖች በአንድነት ከሚተዳደሩበት ሥርዓት) ግሩፕ ፖሊሲ፣ ማለትም ከማዕከላዊ ደንቡ ነው፤ የሚስተካከለውም እዚያው ነው።

ሰርቨሩ ዶሜይን ኮንትሮለር (የዶሜይኑን አካውንቶች የሚቆጣጠር ማሽን) ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ሲጀመር የሚፈቀደው ለአድሚኖች ብቻ ነው። መክፈት ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም። ለሒሳብ ሥራው ሌላ ማሽን ፈልጉለት። «አድሚን አድርገውና ተገላገል» የሚሉህንም አትስማ!

ሠራተኛው ሳይወጣ ክፍት የቀረ ሴሽን ካለው ሳይን አውት አድርገው፤ የግሩፕ ለውጥ የሚያዘው እንደገና ሲገባ ነው።