«ቴንድ»ን ሁሉ «ዝንባሌ» ብለሽ እንዳታልፊው

እህታለም፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ገበሬዎች የሚሞሉት መጠይቅ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፤ ‹ቴንድ› የሚለው ቃል አምስት ቦታ መጣብኝ፤ ሁሉንም ‹ዝንባሌ› ብዬ ባልፈው ችግር አለው ወይ?» ነው ያልሽው። አለው። እኔ በ2009 ዓ.ም. እንደዚያው አልፌው የሁለት ሳምንት ድካሜን በልቶብኛል። መቼም እንደኔ በገጽ ሒሳብ ተዋውለሽ፣ ቀኑ ደርሶብሽ ይሆናልና ወደ ነገሩ ልግባ።

1. ከ«ቴንድ» በኋላ የሚመጣውን ቃል ሳታዪ ብዕር አታንሺ። «ቴንድ ቱ» ብሎ ግስ ካስከተለ የሚያወራው ስለ አመል ነው። «ሬይን ቴንድስ ቱ ከም ሌት» ቢል «ዝናቡ መዘግየት ይወዳል» ወይም «አብዛኛውን ጊዜ ይዘገያል» ትያለሽ። ስም በቀጥታ ከተከተለው ግን መጠበቅ፣ ማገድ፣ መንከባከብ ነው፤ «ሺ ቴንድስ ሺፕ» ማለት በግ ታግዳለች እንጂ ወደ በግ ታዘነብላለች አይደለም። ክፉው ሦስተኛው ነው፤ «ቴንድ ቱ» ብሎ ስም ሲያስከትል። «ሺ ቴንድስ ቱ ዘ ሲክ» በሽተኛ ታስታምማለች ነው። «ቱ»ን ብቻ አይተሽ «መታመም ይቀናታል» ካልሽ አስታማሚዋን በሽተኛ አደረግሻት።

2. ሥሩን እወቂው፣ ኋላ ይጠቅምሻል። የአመሉ «ቴንድ» በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን «ቴንዴሬ» የመጣ ነው፤ መዘርጋት፣ መወጠር፣ ወደ አንድ ወገን ማቅናት ማለት ነው። የእረኛው «ቴንድ» ደግሞ «አቴንድ» ከሚለው ቃል መነሻው «አ» ተቆርጦ የቀረው ነው። «አቴንድ»ም ሐሳብን ወደ አንድ ነገር መዘርጋት ነውና ሁለቱ ከሩቅ ወንድማማች ናቸው። ባርቴንደር የምንለው ከእረኛው ወገን ነው። «ትሬንድ» ግን ዘመዳቸው አይደለም፤ ከድሮ እንግሊዝኛ የወጣ፣ መዞርና መንከባለል የሚል ቃል ነበር። ቦርከና በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ከሚሴ እንደሚያቀናው፣ ወንዝ ወይም የባሕር ዳርቻ የሚሄድበትን አቅጣጫ ሲናገሩበት ቆይተው ነው ለገበያና ለአየር ጠባይ ያዋሉት። ለእሱ «አዝማሚያ» ጥሩ ቃል አለን። የአንድ ዓመት ዋጋ ብቻውን ግን አዝማሚያ አይባልም፤ ዓመታት ተደርድረው ወደ አንድ ወገን ሲሄዱ ነው።

3. መጠይቁ ሳይታተም ለአንዲት እናት አንብቢላት። ይህን የተማርኩት በደቡብ ወሎ፣ በደላንታ ወረዳ፣ ወገል ጤና ከተማ ላይ ነው። የተሰጠኝ ጥያቄ «ሴቶች የትኞቹን እንስሳት ይጠብቃሉ?» የሚል ነበር፤ በእንግሊዝኛው «ቴንድ» ይላል። እኔ «ሴቶች ወደ የትኞቹ እንስሳት ያዘነብላሉ?» ብዬ ጻፍኩት። መዝገበ ቃላት ገልጬ፣ የመጀመሪያውን ፍቺ ይዤ፣ ልቤ ሞልቶ ነበር። 62 ሰው ተጠየቀ። ሁሉም ማለት ይቻላል «ላም» አሉ። ሠንጠረዡ ሲወጣ የደላንታ ሴት በግ አትጠብቅም፣ ጥጃ አታስርም፣ ዶሮ አታሳድርም የሚል ሆነ። ደላንታን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚል አስቢው።

ሥራውን የሰጠኝ ደሴ ያለው ቢሮ ጠሩኝ። ኃላፊው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረና «ይህን የጻፈ ሰው ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጧል?» አለኝ፣ አምስት ሰው ባለበት። ስህተቱ የኔ ነው፣ አልክድም። ግን አማርኛውን ያለ ምንም እርማት ፈርሞ ወደ ኅትመት የላከው እሱ ነበር። ክፍያዬን ያዙ፣ በራሴ ትራንስፖርት ተመልሼ እንድጠይቅም አደረጉኝ። ያቺ የቢሮ በር ዛሬም ሳልፋት ሆዴን ታንገበግበኛለች።

ተመልሼ ስሄድ አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ጥጥ እየፈተሉ አገኘኋቸው። አዲሱን ጥያቄ አነበብኩላቸው። እንዝርታቸውን አቁመው «ልጄ፣ ባለፈው የምንወደውን ነው የጠየቃችሁኝ፤ የምንጠብቀውንማ ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ። ከዚያ በጉን፣ ጥጃውን፣ የታመመችውን ፍየል ማን እንደሚያይ፣ ሌሊት ማን እንደሚነሳ አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚጠቀልለውን እሳቸው ለየብቻው ስም ሰጡት፤ በግ ይታገዳል፣ በሽተኛ ያስታምሙታል፣ እሳት ይቆሰቆሳል፣ ጓሮ ይኮተኮታል። እኔም የዚያን ቀን ማታ አልጋ በያዝኩበት ቤት ተቀምጬ ይህን በደብተር ጻፍኩት።

ለአመሉ «ቴንድ»ም ቢሆን «ዝንባሌ»ን አታብዢው። ዝንባሌ እንስራ ዘንበል እንደሚል ልብ ወደ አንድ ነገር ሲያደላ ነው፤ የሙዚቃ ዝንባሌ፣ የንግድ ዝንባሌ። ዝናብ፣ በር፣ በሬ ግን ዝንባሌ የላቸውም። በሬው መዋጋት አመሉ ነው፣ በሩ መጋጨት ይወዳል፣ ልጁ ጉንፋን ቶሎ ይይዘዋል። «አመል ያወጣል ከመሐል» የሚለውን አስቢና አመል ለክፉ እንደሚያደላም አስተውይ፤ ለደግ ነገር «ይቀናዋል» ይሻላል።

ደግሞ «ሁልጊዜ» ብለሽ እንዳትተረጉሚው። ያ የሰደበኝ ሰው በራሱ ሪፖርት ላይ «በልግ ፌልስ»፣ በልግ ይቀራል ብሎ ደምድሞ አየሁት። ገበሬው የነገረን «አንዳንዱን ዓመት ይቀራል፣ ሰሞኑን መቅረቱ በዝቷል» ነበር። «ቴንድ» ለዚህ የተሠራ ቃል ነው፤ ይበዛል ይላል እንጂ ሁሌ ነው አይልም። በበልግ የሚኖር ሰው ስለ በልግ የተናገረውን እንዲህ ማጠንከር በደል ነው። ደብዳቤ ጻፍኩላቸው፣ መልስ አልመጣም፤ በሚቀጥለው ዙር ግን ቃሉ ተስተካክሎ አየሁት። የኔ ሥራ ነው ብዬ እኮራበታለሁ።

«ፕሮን ቱ»ም ከመጣብሽ ተጠንቀቂ። «የተጋለጠ» እንደማለት ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ለክፉ ነገር ነው፤ ከሥሩም በግንባር መደፋት ማለት ነው። ስለ ወሎ በተጻፈ ወረቀት ሁሉ «ድራውት ፕሮን» እያሉ ይለጥፉብናል፤ እኔ «ድርቅ የሚደጋግመው» እላለሁ፣ መሬቱ ራሱ የተደፋ እንዳይመስል።

አሁን አምስቱንም ዓረፍተ ነገሮች እንደተጻፉ ላኪልኝ፣ ከ«ቱ» በኋላ ያለው ቃል ሳይቆረጥ። ዛሬ ማታ አያቸዋለሁ።