ፈንዱ ውስጥ የጦር መሣሪያ አምራቾች አሉ፤ ሥራውን ልቀበል ወይስ ልተው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግና ፋይናንስ የተመረቀች እህታችን፣ እዚሁ ጎንደር ተቀምጣ በኢንተርኔት የምትሠራው የተንታኝነት ሥራ ከውጭ አገር የኢንቨስትመንት ድርጅት ተሰጥቷታል። ድርጅቱ የሚያስተዳድረውን ፈንድ፣ ማለትም ከብዙ ሰው ተሰብስቦ አክሲዮንና መሰል ነገር የሚገዛበትን ገንዘብ፣ ስትመለከት የመሣሪያ አምራቾች ስም አገኘች። አጎቷ በተቀበረ ፈንጂ እግሩን ያጣ ሰው ነው። «ደመወዙ ቤተሰቤን ያኖራል፤ ግን በየትኛው ፊቴ አየዋለሁ?» ትላለች። መፈረም ያለባት በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

እህቴ፣ ጭንቀትሽ ተገቢ ነው፤ «ሥራ ከተገኘ ምን ትመርጫለሽ» የሚሉሽን አትስሚ። ነገር ግን ስም አይተሽ ብቻ አትወስኚ። መጀመሪያ ዝርዝሩን በደንብ አንብቢ።

ድረ ገጽ ላይ የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ አሥሩ ትልልቅ ይዞታዎች፣ ማለትም ፈንዱ ብዙ ገንዘብ ያስገባባቸው ኩባንያዎች፣ ብቻ ነው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ሙሉው ዝርዝር ነው፦ የኩባንያው ስም፣ አይሲን የሚባለው ባለ 12 ፊደልና ቁጥር የሰነዱ መለያ፣ ከፈንዱ ገንዘብ የያዘው ድርሻ በመቶኛ፣ እንዲሁም ዝርዝሩ የወጣበት ቀን። ከዚያ እያንዳንዱን ስም የስቶክሆልም የሰላም ምርምር ተቋም፣ ሲፕሪ፣ በየዓመቱ ከሚያወጣው የ100 ታላላቅ አምራቾች ሠንጠረዥ ጋር አስተያዪ። ሠንጠረዡ ኩባንያው ከጠቅላላ ገቢው ስንት በመቶውን ከመሣሪያ እንደሚያገኝ ያሳያል። ሎክሂድ ማርቲን በአብዛኛው የሚኖረው በመሣሪያ ነው፤ ኤርባስ ግን በአብዛኛው በመንገደኛ አውሮፕላን። ሁለቱም «ኤሮስፔስና መከላከያ» በሚል አንድ ዘርፍ ሥር ስለሚመደቡ የዘርፉ ስም ብቻውን ምንም አይነግርሽም።

ጀማሪ ተንታኝ የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ሚሳይል አምራቹ ኤምቢዲኤ በራሱ ስም አክሲዮን ገበያ ላይ የለም፤ ስለዚህ በየትኛውም የአክሲዮን ይዞታ ዝርዝር ላይ አታገኚውም። ባለቤቶቹ ግን አሉ፦ ኤርባስ 37.5 በመቶ፣ ቢኤኢ ሲስተምስ 37.5 በመቶ፣ ሊዮናርዶ 25 በመቶ። ባለቤትነትን ሳትከተዪ «ፈንዱ መሣሪያ የለበትም» ብለሽ አትጻፊ።

«የሥነ ምግባር ፖሊሲ አለን፤ ከ5 በመቶ በላይ ገቢውን ከመሣሪያ የሚያገኝ ኩባንያ አንገዛም» ቢሉሽም ሒሳቡን ሥሪው። በዓመት 60 ቢሊዮን ዶላር የሚያስገባ ኩባንያ 4 በመቶው መሣሪያ ቢሆን 2.4 ቢሊዮን ነው፤ ያልፋል። 50 ሚሊዮን የሚያስገባ ትንሽ አምራች 20 በመቶው መሣሪያ ቢሆን 10 ሚሊዮን ነው፤ ይወድቃል። መቶኛው ኩባንያው ምን ያህል በመሣሪያ እንደሚተዳደር እንጂ ምን ያህል መሣሪያ እንደሚያመርት አይናገርም።

ለተቀበረ ፈንጂና ብዙ ትንንሽ ቦምቦችን ለሚበትነው ክላስተር ቦምብ ግን መቶኛ ጨርሶ ቦታ የለውም፤ ገደቡ ዜሮ መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1997 የተፈረመው የኦታዋ ስምምነት ፀረ ሰው ፈንጂን ይከለክላል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2004 አጽድቃዋለች። አንቀጽ 1 ማምረትን ብቻ ሳይሆን አምራቹን በማንኛውም መንገድ መርዳትንም ይከለክላል። የኖርዌይ መንግሥት የጡረታ ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2005 ሎክሂድ ማርቲንንና የፈረንሳዩን ታሌስን ጨምሮ በርካታ ኩባንያዎችን በክላስተር ቦምብ ምክንያት አስወጥቷል፤ ታሌስ ማምረቱን ማቆሙ ሲረጋገጥ ተመልሷል። የዝርዝሩን ቀን እዪ ያልኩሽ ለዚህ ነው። በአንጻሩ ከዩክሬን ጦርነት ወዲህ እንደ ስዊድኑ ኤስኢቢ ያሉ ፈንድ አስተዳዳሪዎች «አገርን መከላከልም ገንዘብ ይፈልጋል» ብለው ክልከላቸውን አላልተዋል። ክርክሩ ከባድ ነው፤ በቅን ልቦና በሁለቱም ወገን የቆሙ ሰዎች አሉ። ለፈንጂ አምራች ግን ይህ ክርክር መሸሸጊያ አይሆንም። ፈንዱ ውስጥ ፈንጂ ወይም ክላስተር የሚያመርት ካለና አናስወጣም ካሉ፣ እንደኔ ሥራውን ተዪው።

ሌላው ብዙ ሰው የማይለየው ነገር የገንዘቡ መንገድ ነው። ፈንዱ አክሲዮን ከገበያ ሲገዛ ገንዘቡ የሚሄደው ለሸጠው ባለአክሲዮን ነው። አዲስ የወጣ አክሲዮን ወይም ቦንድ (ኩባንያው የሚበደርበት ሰነድ) ሲገዛ ግን ገንዘቡ በቀጥታ አምራቹ ካዝና ይገባል። ስለዚህ ቦንድ መያዛቸውን ለይተሽ ጠይቂ። ፈንዱ ኢንዴክስ ተከታይ፣ ማለትም ሌላ ወገን ያዘጋጀውን የኩባንያዎች ዝርዝር እንዳለ የሚገዛ፣ ከሆነም ዝርዝሩን የሚወስነው ኢንዴክሱ ነው፤ ከውስጥ ሆኜ አስተካክለዋለሁ ብለሽ ራስሽን አታታልዪ።

ወደ አንቺ ድርሻ እንምጣ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያቀለጡት አውሮፓውያን የመጡት ወንጌልና የእጅ ሙያ ይዘው ነበር፤ መድፍ ሥሩ የተባሉት ከገቡ በኋላ ነው። የአንቺም ድርሻ ከገባሽ በኋላ ሊለወጥ ይችላል፤ ስለዚህ አሁኑኑ በጽሑፍ ይያዝ። በመጀመሪያ ቃለ መጠይቅ ላይ ማንሳት ስብከት ይመስላል፤ ከፈረምሽ በኋላ ደግሞ አቅም የለሽም። ጊዜው የሥራ ቅናሹ በእጅሽ ሆኖ ፊርማሽ ያላረፈበት ይህ ሳምንት ነው። ኢሜይልሽ አጭር ይሁን፦

«ለቀረበልኝ ዕድል አመሰግናለሁ። ከመፈረሜ በፊት ስለ ጦር መሣሪያ ያላችሁን የማግለያ ፖሊሲ ሙሉ ጽሑፍ እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። የመሣሪያ አምራቾችን አክሲዮን ወይም ቦንድ ግዙ የሚል ምክር በስሜ እንዳይወጣና በሌላ ዘርፍ እንድመደብ በውሉ ላይ ሊሰፍር ይችላል?»

በስልክ «ችግር የለም» ቢሉሽ አትመኚ፤ የደወለልሽ ሰው ነገ ሊለቅ ይችላል። ውሉ በየትኛው አገር ሕግ እንደሚገዛም እዪ። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ «ራሱን የቻለ ተቋራጭ» ተብለሽ ከተቀጠርሽ ግን ይህ ጥበቃ ላይኖርሽ ይችላል። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም ይጻፍ፤ ከጎንደር ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሉታዊ መልስ ከመጣ ሙያሽ አብሮ አይወድቅም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ የሒሳብ መግለጫ የሚያነቡ ሰዎች ያስፈልጉታል። ከወለድ ነፃ ባንኮችም ገንዘብ የሚሰጡበትን ሥራ በእምነት መስፈርት ያጣራሉ፤ ሙያው ይኸው ነው። ስለዚህ መልሳቸውን እየጠበቅሽ ከፈንዱ 20 ኩባንያ ምረጪና ኤክሴል ላይ አስገቢ፦ ስም፣ አይሲን፣ ከመሣሪያ የሚገኝ ገቢ በመቶኛና በዶላር፣ የባለቤትነት ሰንሰለት፣ ፈንጂ ወይም ክላስተር አለ ወይስ የለም፣ መረጃው የተገኘበት ቦታና ቀን። እነሱ ጋ ብትገቢም ባትገቢም ለሚቀጥለው ቀጣሪ የምታሳዪው ሥራ ይሆንሻል።