ኤክሴሉ ላይ 500 ዶሮ፣ ግቢው ውስጥ ዜሮ

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? የምኖረው ቢሾፍቱ ነው፣ እድሜዬ 29፣ ባንክ ነው የምሰራው። እናቴ ጡረታ ከወጣች በኋላ እቤት ቁጭ ብላ ሲደብራት አይቼ ግቢያችን ሰፊ ስለሆነ ለምን እንቁላል ጣይ ዶሮ አናረባም ብዬ ተነሳሁ፣ ከተነሳሁ ግን ይኸው ሁለት አመት ሊሆነኝ ነው። ኤክሴል ሰርቻለሁ፣ 500 ዶሮ የሚይዝ ቤት ዲዛይን አሰርቻለሁ፣ ዩቲዩብ ላይ ያላየሁት የዶሮ ቪዲዮ የለም፣ ሎጎ ሁሉ አለኝ። ልጀምር ስል መኖ ይጨምራል፣ ተመልሼ ኤክሴሉን እሰራለሁ። እናቴ አሁን አሁን ከስራ ስገባ "ዶሮዎቹ ደህና ዋሉ?" እያለች ትቀልድብኛለች። ፕላኔ ምን ጎድሎት ነው?

መልስ፦ እናትህን ከሩቁ ወደድኳቸው።

ፕላንህ ምንም አልጎደለውም፣ እንደውም በዝቶበታል። ማቀድ ደስ ይላላ! ኤክሴል ላይ ዶሮ አይሞትም፣ ፈንግል አይገባም፣ ጎረቤት ሸተተን ብሎ አያኮርፍም፣ ማታ ላፕቶፑን ስትዘጋው ደሞ ቀኑን ሙሉ ስትሰራ የዋልክ ይመስልሃል። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የስነልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ጥናት አለ፣ መሆን የሚፈልጉትን ነገር ለሰው ተናግረው ሰው ያወቀላቸው ተማሪዎች ዝም ካሉት ያነሰ ነው የለፉት፣ ለምን ቢባል ሰው ሲያውቅልህ እዛ የደረስክ ያህል ይሰማሃል ነው ነገሩ። ሎጎውን ለስንት ሰው እንዳሳየህ አልጠይቅህም።

አሁን ወደ ዶሮው። አንድ ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፣ 500 ዶሮ ማለት በቀን ወደ 57 ኪሎ፣ በሁለት ቀን ከኩንታል በላይ ነው። አንተ ባንክ ስትውል ይሄን ማን ነው የሚሸከመው፣ ጡረተኛዋ እናትህ? ሰው አትቀጥርም አላልኩም፣ ግን ደሞዙ ኤክሴሉ ላይ አለ? አየህ 500 የሚለው ቁጥር ራሱ ነው ሲያስፈራህ የከረመው፣ በዚህ ቁጥር መኖ ሁለት ብር ሲጨምር ሂሳቡ ቢናድብህ አይገርምም። 20 ዶሮ ግን በቀን የሚበላው 2 ኪሎ ከምናምን ነው፣ መኖ ቢጨምር ትንሽ ትበሳጫለህ እንጂ አትከስርም። ቦታውም 4 ካሬ ይበቃል፣ መቼም እቃ የታጨቀበት አንድ ክፍል አይጠፋችሁም፣ እሱን አጽድታችሁ ሳጋቱራ ማንጠፍ፣ መመገቢያና መጠጫ ማስገባት፣ ቆጥ መስራት፣ አለቀ። ከዛ እነዛ ኤክሴሉ የማይመልስልህን ነገሮች፣ ማለትም እናትህ ይወዱት እንደሆነ፣ ማታ ማታ ሽለምጥማጥ ይመጣ እንደሆነ፣ ሰፈር ውስጥ እንቁላሉን ማን እንደሚገዛ፣ በራሱ ጊዜ ታየዋለህ።

ማቀድ አይጠቅምም ብዬ ግን እንዳትይዝብኝ፣ ሁለት ነገር ላይ የግድ ነው። አንደኛው ጊዜው ነው። የ45 ቀን ጫጩት ስትገዛ መጣል የምትጀምረው በ5 ወሯ ገደማ ስለሆነ ቆጥረህ አስገባ፣ ጥቅምት ላይ ብታስገባ እንቁላሉ የሚደርሰው ዐቢይ ጾም አፋፍ ላይ ነው፣ 55 ቀን ሙሉ ፈላጊው ይቀንስብሃል (የማይጾም ጎረቤት ከበዛልህ ግን ብዙም አትጨነቅ)። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ካስገባህ ግን መጣል ሲጀምሩ ፋሲካ አካባቢ ነው፣ ያኔ ገበያው ራሱ ይፈልግሃል። ሁሉም መጣል ሲጀምሩ በቀን 15 ገደማ ከሰበሰብክ ጥሩ ነው፣ ይሄ ደሞ ከጎረቤትና ከባንክ ቤት ባልደረቦችህ አያልፍም።

ሁለተኛው ክትባት ነው፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ ፈንግል አንዴ ከገባ 20 ይሁን 500 ሙልጭ አድርጎ ነው የሚሄደው። ስትገዛ የትኛውን ክትባት መቼ እንደወሰዱ አጽፈህ ተቀበል፣ ቀሪውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነግርሃል። እኔን የገረመኝ ደሞ ሌላ ነው። የአገሪቱን የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው የመንግስት ተቋም እዛው ቢሾፍቱ፣ የዶሮ ምርምር የሚሰራው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እዛው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ኮሌጅ እዛው፣ አንተ ዶሮ ስለማርባት የህንድ ዩቲዩበር ታያለህ! ባለሙያ ፍለጋ ታክሲ ይበቃሃል እኮ ወንድሜ፣ ዶሮ አርቢማ ጎረቤትህም አይጠፋም፣ ሁለት አመት ከሰበሰብከው ቪዲዮ ይልቅ አንድ ቅዳሜ እሱ ቤት ሄደህ ኩሱን ብታስጠርግ የበለጠ ትማራለህ።

ቆይ ግን፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፣ እናትህ ዶሮ ይፈልጉ እንደሆነ የሚል ነገር የትም የለም። ጠይቀሃቸዋል? ካልጠየቅክ ዛሬ እራት ላይ ጠይቃቸው፣ እሺ ካሉ ክፍሉንም የዶሮውንም አይነት ራሳቸው ይምረጡ፣ አንተ ገንዘቡንና ክትባቱን ያዝ። "እኔ የዶሮ ኩስ ስጠርግ አልውልም" ካሉህ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ያኔ መልሰህ ጻፍልኝ።