የድረ ገጽ ርዕሶች እና የጉግል ፍለጋ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ላይ ጎብኝዎችን በጀልባ ወደ ጣና ገዳማት በማድረስ እተዳደራለሁ። ድረ ገጽ ካሠራሁ ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን ሰው ጉግል ላይ «የጣና ገዳማት ጉብኝት» ብሎ ሲፈልግ የእኔ ገጽ ከፊት አይወጣም። የሠራልኝ ልጅ ጉግል ርዕስን ያስቀድማል በማለት ጽሑፉን ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ኤች1 (H1) የሚባለው የገጹ ዋና ርዕስ አድርጎታል። ከግርጌ ደግሞ በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፉ፣ በዓይን የማይታዩ ብዙ ቃላት አሉ። ይህ አሠራር ትክክል ነው? ለአንድ ገጽስ ስንት ኤች1 ይበቃዋል? አድራሻውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ።

የጀልባ አስጎብኚ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የተደበቀውን ጽሑፍ ዛሬውኑ ያስጠፉት። ጉግል የፍለጋ ውጤትን ለማታለል የተደበቀ ጽሑፍን በግልጽ ይከለክላል፤ እንዲህ ያለውን ገጽ ወደ ኋላ ሊገፋው፣ ከነጭራሹም ከውጤት ሊያስወጣው ይችላል።

ወደ ርዕሶቹ ስንመጣ፣ ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ ኤችቲኤምኤል (HTML) ከኤች1 እስከ ኤች6 ስድስት የርዕስ ደረጃዎች ያሉት ሲሆን፣ ሥራቸው የትኛው ክፍል በየትኛው ሥር እንደሚገኝ ማመልከት እንጂ ፊደል ማግዘፍ አይደለም፤ የፊደሉ መጠንና ቀለም የገጹን መልክ የሚወስነው የሲኤስኤስ (CSS) ድርሻ ነው። ሁሉም ዐረፍተ ነገር ኤች1 ከሆነ ዋናው ጉዳይ ከዝርዝሩ የሚለይበት ምልክት ስለሚጠፋ፣ የተደረገልዎ ነገር ጥቅም የለውም። ቁጥሩን በተመለከተ፣ የጉግሉ ጆን ሙለር በ2019 ገጽ ያለ ኤች1ም ሆነ በአምስት ኤች1 ጥሩ ደረጃ ሊያገኝ እንደሚችል ተናግሯል። ይሁንና እኛ አንድ ብቻ እንዲሆን እንመክራለን፤ ምክንያቱም ጉግል በውጤቱ ላይ የሚያሳየውን የገጽ ስያሜ ሲመርጥ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ዋናው ርዕስ ነው።

ገጽዎን ከፍተን ስናየው የከበደው ችግር ሌላ ሆኖ አገኘነው። የመጀመሪያው ኤች1 «እንኳን ደህና መጡ» ይላል፤ ይህን ብሎ ጀልባ የሚፈልግ ጎብኚ የለም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ክብራን ገብርኤል የሚሉት ስሞች ደግሞ በገጹ አናት ባለው ፎቶግራፍ ላይ በምስልነት ታትመው እንጂ በጽሑፍ የትም የሉም። የፍለጋ ሞተር በዋናነት የሚመዝነው ጽሑፍን ስለሆነ፣ ገጹ እነዚህን ገዳማት የማያውቅ ያህል ሆኗል።

ኤች1ን «ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ጣና ገዳማት» ይበሉት። ቀጥሎ «የዘጌ ገዳማት» የሚል ኤች2 ያስገቡና በሥሩ ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን በኤች3 ይለዩአቸው። ክብራን ገብርኤል የራሱ ኤች2 ይኑረው፤ ሴቶች ወደዚያ ገዳም እንደማይገቡ ከርዕሱ ሥር በግልጽ ቢጻፍ፣ የጀልባ ሂሳብ ከፍለው ወደብ ላይ ከሚቀሩ ሴት ጎብኝዎች ቅሬታ ይድናሉ። ደቅ ደሴትና ናርጋ ሥላሴ ራቅ ስለሚሉ ጉዞው የሚወስደውን ጊዜ፣ «ዋጋና የመነሻ ሰዓት» በሚለው ርዕስ ሥር ደግሞ ክፍያውን ያስቀምጡ። በየድረ ገጹ የምናየው «አገልግሎቶቻችን» የሚለው ርዕስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለማንም ምንም አይነግርም።

ገጽዎ ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠራ በመሆኑ የገጹ ስያሜ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ኤች1 ይሆናልና፣ ልጁ በውስጥ ከኤች2 ይጀምር። የርዕስ ደረጃ መዝለል (ለምሳሌ ከኤች2 ወደ ኤች4) ለጉግል ደረጃ አሰጣጥ ችግር ባይሆንም፣ ማየት የተሳናቸው ሰዎች በስክሪን አንባቢ (ገጹን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለሉ ስለሚያነቡ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ተገቢ ነው። የውጭ ጎብኝዎች በእንግሊዝኛ ስለሚፈልጉም፣ የእንግሊዝኛው ገጽ የራሱ ርዕሶች ያስፈልጉታል።

ርዕስን ማስተካከል ብቻውን ትልልቅ የጉዞ ድረ ገጾችን አያስቀድምዎትም። እንደ እርስዎ ላለ ሥራ በጉግል ካርታ ላይ ድርጅትን ማስመዝገብ ከርዕሱ የበለጠ ሊጠቅም ይችላልና፣ ካላስመዘገቡ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኬዱ። ለውጡን ለመከታተል ሰርች ኮንሶል የተባለውን የጉግል ነፃ መሣሪያ ያስከፍቱ፤ ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ ገጽዎ እንደታየ ይዘረዝርልዎታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ክብራን» ወይም «ዘጌ» የሚሉት ቃላት በዝርዝሩ ውስጥ ካልታዩ፣ በየርዕሱ ሥር ያለው ጽሑፍ አንሷል ማለት ሊሆን ስለሚችል በቅድሚያ እሱን ያዳብሩ።