ካርታ ላይ ስም ስታነቡ

ይድረስ ለጂኦግራፊ ተማሪዎች፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ ካርታ ሳነብና ሳስነብብ ስኖር፣ አንድ ስም ካርታ ላይ ስለሰፈረ ብቻ ቦታውን ቀድሞ ያወቀው ማን እንደሆነ እንደማይናገር ተረድቻለሁ፤ ስለዚህ ስሙን ካነበባችሁ በኋላ ማን እንደተዘለለ ጠይቁ እላችኋለሁ። ለዚህ በክፍል ውስጥ የማነሣው ራንገል ደሴትን ነው።

ደሴቲቱ ከሳይቤሪያ ጠረፍ በስተ ሰሜን 140 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ሲሆን፣ 7,600 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ትሰፋለች፤ የ180 ዲግሪ ኬንትሮስም ያቋርጣታል። የባሕሩ ውኃ ከፍ ብሎ ከየብሱ ስለለያት፣ ማሞዝ የተባለው ጸጉራም ዝሆን በዚያ እስከ 4,000 ዓመት በፊት ድረስ ቆይቷል፤ የጊዛ ፒራሚዶች ያን ጊዜ ቆመው ነበር።

የሩሲያ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፈርዲናንድ ፎን ራንገል ከ1820 እስከ 1824 እ.ኤ.አ. ያንን ጠረፍ ሲያስስ፣ የጠረፉ ነባር ሕዝብ የሆኑት የቹክቺ ሰዎች ሰማዩ ጠራ ባለ የበጋ ቀን በስተ ሰሜን ተራሮች እንደሚታዩ ነገሩት። በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች ቢሞክርም የተሰነጣጠቀው በረዶ መለሰው፤ ደሴቲቱንም ሳያያት ቀረ። በ1867 አሜሪካዊው የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ካፒቴን ቶማስ ሎንግ አይቷት በራንገል ስም ጠራት። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ይስቃሉ፤ ያላያት ሰው ስሙ ሲቀመጥባት፣ ያመለከቱት ሰዎች ተረስተዋልና።

አዳ ብላክጃክን ደግሞ እባካችሁ አትዝለሏት። በ1921 አራት ወንዶች ደሴቲቱን ለብሪታንያ ለመያዝ ሲሄዱ፣ የስድስት ወር ስንቅ ብቻ ይዘው ቀሪውን ከአደን እናገኛለን ብለው ነበር፤ እርሷንም የቆዳ ልብስ እንድትሰፋላቸው ቀጠሯት። የሄደችው በሳንባ ነቀርሳ ለታመመው ልጇ ማሳከሚያ ገንዘብ ለማግኘት ነበር። ከአላስካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የኢኑፒያት ተወላጅ ብትሆንም ያደገችው በሚሲዮን ስለሆነ አደን አታውቅም፤ ድቡንም ትፈራ ነበር። በዚህ ረገድ እኔም ለረጅም ጊዜ «የአገሩ ልጅ ስለሆነች ታውቃለች» ብዬ በማስተማር ተሳስቻለሁ።

በጥር 1923 ሦስቱ ወንዶች እርዳታ ፍለጋ በበረዶው ላይ ወጥተው ጠፉ፤ አራተኛው በቫይታሚን ሲ እጥረት በሚመጣው በስከርቪ በሽታ ታሞ በሰኔ ሞተ። አዳ ቀበሮ በወጥመድ መያዝንና ጠመንጃ መተኮስን ብቻዋን ተማረች፤ ድብ ከሩቅ ለማየትም ከፍ ያለ ማማ ሠራች። በነሐሴ መርከብ ሲደርስ በሰፈሩ በሕይወት የተገኙት እርሷና ቪክ የምትባለው ድመት ብቻ ነበሩ።